27 ሴንቲ ሜትር፦ የኔዘርላንድስ የወንዝ መሥሪያ ቤት የገበሬዎችን ዕቅድ ለመቀበል ምን ለወጠ?

በ2000 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በደቡብ ኔዘርላንድስ፣ ሰሜን ብራባንት ክፍለ ሀገር ውስጥ በምትገኘው ኦቨርዲፕ የሚኖሩ ገበሬዎች መሬታቸው ለወንዝ ሊለቀቅ ከታሰቡት ቦታዎች አንዱ መሆኑን ሰሙ። ኦቨርዲፕ ፖልደር ነው፤ ዙሪያውን በዳይክ፣ ማለትም የወንዝ ሙላትን በሚከላከል የአፈር ግድብ፣ የታጠረና ትርፍ ውሃው በፓምፕ የሚወጣለት ዝቅተኛ መሬት። ስፋቱ 550 ሄክታር ገደማ ነው። 17 የገበሬ ቤተሰቦች ይኖሩበት ነበር፤ አብዛኞቹ የወተት ላም አርቢዎች ናቸው።

እንዲህ ያለ ወሬ ሲመጣ የተለመደው ጠበቃ መያዝ፣ አቤቱታ ማስገባትና ሥራውን የቻሉትን ያህል ማጓተት ነው። የኦቨርዲፕ ገበሬዎች ግን ተሰባስበው የራሳቸውን ዕቅድ ይዘው ቀረቡ። ፍሬ ነገሩ አጭር ነው፦ ወንዙ ወደ እርሻው ይግባ፣ ቤቱና በረቱ ግን ከፍ ባለ ጉብታ ላይ ይሠራ። ሥራው በ2015 ሲያልቅ በወንዙ ዳር የነበረው ዳይክ ዝቅ ብሏል፣ 8 እርሻዎች 6 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላቸው ሰው ሠራሽ ጉብታዎች ላይ ሰፍረዋል፣ 9ኙ ደግሞ ለቀው ሄደዋል። በንድፉ መሠረት ከባድ ሙላት ሲመጣ የወንዙ ከፍታ በ27 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይላል።

ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው የገበሬዎቹ ብልሃት ሆኖ ነው። ብልሃቱ የእነሱ መሆኑ አያከራክርም። ነገር ግን ያው ዕቅድ ከዚያ 25 ዓመት ቀድሞ ቢቀርብ ኖሮ መዝገብ ቤት ገብቶ ይቀር ነበር። ገበሬ ያመጣውን ሐሳብ የሚመዝንበት መሣሪያ፣ የሚቀበልበት የውሳኔ ደረጃ፣ የሚያስፈጽምበት ውል ያልነበረው መሥሪያ ቤት እንዴት ተለወጠ? እዚህ የምናየው እሱን ነው።

መሐንዲሱ ብቻውን የሚወስንበት ዘመን

መሥሪያ ቤቱ ራይክስዋተርስታት ይባላል፤ የተመሠረተው በ1798 ነው። ዋና ዋና ወንዞችን፣ አውራ ጎዳናዎችንና የባሕር መከላከያዎችን ያቅዳል፣ ያሠራል፣ ይጠብቃል። በ1953 የሰሜን ባሕር ማዕበል በደቡብ ምዕራብ ዳይኮቹን ሰብሮ 1,836 ሰው ከገደለ በኋላ የመሥሪያ ቤቱ መሐንዲሶች ቃል እንደ ሕግ ይታይ ነበር። አሠራሩም ቀጥተኛ ነው። ወንዙ ሊያመጣ የሚችለው ትልቁ ፍሰት ይሰላል፤ ከእሱ የውሃው ከፍታ፣ ከከፍታው የዳይኩ ቁመት፣ ከቁመቱ የዳይኩ እግር ስፋት ይገኛል። በዚያ ስፋት ውስጥ ያለ ቤት ይፈርሳል። በስሌቱ ውስጥ የነዋሪው አስተያየት የሚገባበት ቦታ አልነበረም።

ይህ አካሄድ በ1970ዎቹ ከሁለት አቅጣጫ ተመታ። በዋል ወንዝ ዳር ባለችው ብራከል መንደር ዳይኩን ለማጠናከር ሲባል ዳይኩ ላይ የነበሩ አሮጌ ቤቶች ፈረሱ፤ ቁጣውም ከመንደሯ አልፎ ወደ ሌሎች የወንዝ ዳር ከተሞች ተዛመተ። በባሕሩ በኩል ደግሞ የኦስተርስኸልደን የባሕር ወሽመጥ ሙሉ በሙሉ በግድብ ለመዝጋት የወጣውን ዕቅድ ዓሣ አጥማጆችና የተፈጥሮ ተቆርቋሪዎች ተቃወሙ። በመጨረሻ ወሽመጡ አልተደፈነም። በማዕበል ጊዜ ብቻ የሚዘጉ በሮች ያሉት መከላከያ ተሠርቶ በ1986 ተመረቀ።

መሥሪያ ቤቱ ከዚያ የወሰደው የመጀመሪያ ትምህርት ባዮሎጂስቶችን መቅጠር ነበር። ትልቅ ድርጅት በሕዝብ ተቃውሞ ሲገፋ ብዙ ጊዜ የሚያደርገው ይኸው ነው፤ ውጭ ያለውን ጩኸት ወደ አንድ የሙያ ክፍል ይቀይረዋል። ጠቅሟል። ረግረጉና ወፉ በስሌቱ ገቡ። የመሬቱ ባለቤት ግን አልገባም።

የወንዞቹን ዳይክ የመረመሩ ሁለት ኮሚሽኖች፣ የቤኽት ኮሚሽን በ1977 እና የቡርቲን ኮሚሽን በ1993፣ የንድፉ ፍሰት፣ ማለትም ዳይኩ እንዲችለው ታስቦ የሚሠራለት ትልቁ ፍሰት፣ እንዲቀነስና ሥራው ለመልክዓ ምድሩ እንዲጠነቀቅ መክረዋል። የምክክሩ ቅደም ተከተል ግን ያው ሆኖ ቀጠለ፦ ንድፉ ያልቃል፣ ለሕዝብ እይታ ይቀመጣል፣ አስተያየት ይሰበሰባል፣ መልስ ይጻፋል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ነው። ንድፉ ካለቀ በኋላ የሚመጣ አስተያየት ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን ለመሐንዲሱ ተጨማሪ ወጪ እንጂ ግብዓት አይሆንም።

ሁለት ሙላትና አንድ የኋሊት እርምጃ

በ1993 መጨረሻና በ1995 መጀመሪያ የራይንና የማስ ወንዞች ሞሉ። በ1995 ራይን ከጀርመን በሚገባበት በሎቢት 12,000 ሜትር ኩብ በሰከንድ ገደማ ውሃ አለፈ። ዳይኮቹ እንዳይሰበሩ ተፈርቶ 250,000 ያህል ሰው ከነከብቱ ከቤቱ ወጣ። ዳይኮቹ አልተሰበሩም።

ከሙላቱ በኋላ የመጣው የመጀመሪያ እርምጃ ተሳትፎን የሚያሰፋ አልነበረም። በዚያው ዓመት የወጣ የአስቸኳይ ጊዜ ሕግ የዳይክ ማጠናከር ሥራን ከተለመዱት ረጃጅም የምክክር ሥነ ሥርዓቶች ነፃ አወጣው። ሰው ሲፈራ ምክክር ቀድሞ የሚጣል ሸክም ይሆናል፤ በእኛ ግምት ይህንን የማይጠብቅ ዕቅድ አውጪ ለመጀመሪያው አደጋ የተዘጋጀ አይደለም። ለዓመታት የተጓተተው የዳይክ ሥራ በጥቂት ዓመታት አለቀ። ከፍርሃቱ በኋላ ግን ሌላ ጥያቄ መጣ፦ እስከ መቼ ነው ዳይክ ከፍ የሚደረገው? ዳይኩ በጨመረ ቁጥር ሲሰበር የሚያደርሰው ጥፋት ይጨምራል፤ ከዳይኩ ጀርባ ያለው መሬትም ውሃው እየተመጠጠ ይሰጥማል። በ2001 የራይን የንድፍ ፍሰት ከ15,000 ወደ 16,000 ሜትር ኩብ በሰከንድ ከፍ ሲል መንግሥት ተጨማሪውን 1,000 ዳይክ ከፍ በማድረግ ሳይሆን ለወንዙ ቦታ በመስጠት ለማሳለፍ ወሰነ። ፕሮግራሙ «ለወንዙ ቦታ» ተባለ።

አሠራሩ የተለወጠው እዚህ ላይ ነው፤ የለወጠውም ደግነት አይደለም። ዳይክ ከፍ ለማድረግ በዳይኩ ዳር ያለች ቀጭን መሬት ትበቃለች። ወንዝን ለማስፋት ግን እርሻ፣ መንደር፣ የከተማ ዳርቻ፣ የአሸዋ ማውጫ፣ ወደብ ያስፈልጋል። የማዘጋጃ ቤት የመሬት አጠቃቀም ዕቅድ ይነካል፣ የክፍለ ሀገር ፈቃድ ይፈልጋል፣ የውሃ ቦርድ ዳይክ ይዛወራል። የውሃ ቦርዶቹ ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ ያሉ፣ ራሳቸው ግብር የሚሰበስቡና ምክር ቤታቸው የሚመረጥ ተቋማት ናቸው (በ«ብሉ ዲል» ፕሮግራም ኢትዮጵያ ውስጥ በአዋሽ ተፋሰስ የሚሠሩት የሆላንድ ባለሙያዎች የሚመጡት ከእነዚሁ ቦርዶች ነው)። ራይክስዋተርስታት ቁጥሩን እንጂ መሬቱን አልያዘም ነበር።

ምኑ ተቆልፎ ምኑ ተከፈተ

ፓርላማው በ2006 ያጸደቀው ዋና የዕቅድ ውሳኔ ሦስት ነገሮችን ቆለፈ። የራይን ቅርንጫፎች በጠቅላላ 16,000 ሜትር ኩብ በሰከንድ በሰላም ማሳለፍ አለባቸው። ሥራው በ2015 አካባቢ ያልቃል። ወጪው 2.2 ቢሊዮን ዩሮ ገደማ ነው። ከደኅንነቱ ጎን ሁለተኛ ዓላማም ተጻፈ፤ የአካባቢው መልክዓ ምድር ከቀድሞው የተሻለ ሆኖ መቅረት አለበት። ሁለተኛው ዓላማ ብዙዎች ጌጥ መስሏቸው ነበር፤ በተግባር ግን ማዘጋጃ ቤቶችን ወደ ጠረጴዛው ያመጣው እሱ ነው። ለከንቲባ 30 ሴንቲ ሜትር የውሃ ቅናሽ አጀንዳ አይደለም፤ አዲስ የወንዝ ዳር መናፈሻ ግን አጀንዳ ነው።

ለድርድር ክፍት የተተወው መንገዱ ነው። ዘጠኝ ዓይነት የሥራ ስልቶች ተቀመጡ፦ የወንዙን ወለል መጥረግ፣ በወንዙና በዳይኩ መካከል ያለውን ሜዳ መቆፈር፣ ወደ ወንዙ የገቡ የድንጋይ ክንፎችን ማሳጠር፣ ዳይክን ወደ ውስጥ ማዛወር፣ ፖልደርን ለወንዝ መልቀቅ፣ በሙላት ጊዜ ብቻ የሚሠራ ተጨማሪ መውረጃ መክፈት፣ እንቅፋት ማንሳት፣ ውሃ ማቆር፣ ሌላ አማራጭ ከሌለ ደግሞ ዳይክ ማጠናከር። የትኛው ስልት የት እንደሚሠራ ክልሎቹ በሁለት የመሪ ቡድኖች፣ አንዱ ለላይኛው ሌላው ለታችኛው ወንዝ፣ ተወያይተው ምክረ ሐሳብ አቀረቡ።

ውይይቱን ያስቻለ አንድ መሣሪያ አለ። የዴልፍት የሃይድሮሊክስ ባለሙያዎች «ብሎከንዶስ» የሚባል የኮምፒዩተር ፕሮግራም ሠሩ። ስሙ የልጆች መጫወቻ ብሎክ ሣጥን ማለት ነው፣ አሠራሩም ያንኑ ይመስላል። ሊደረጉ የሚችሉ 700 ያህል ሥራዎች ውጤታቸው በትልቁ የወንዝ ሞዴል አስቀድሞ ተሰልቶ ተከማችቷል። ተጠቃሚው አንዱን ሥራ ሲመርጥ በስክሪኑ ላይ በወንዙ ርዝመት የተዘረጋው የውሃ ከፍታ መስመር ወዲያው ዝቅ ይላል፤ ምን ያህል ሴንቲ ሜትር እንደቀረውም ይታያል። ገበሬም፣ የምክር ቤት አባልም፣ መሐንዲስም አንድ ሥዕል ያያሉ። «የኔን ትታችሁ የጎረቤቴን ውሰዱ» የሚል ሰው የጎረቤቱ መሬት ቢወሰድ ምን እንደሚጎድል ራሱ ያየዋል።

መሣሪያው ድክመትም ነበረው። ውጤቶቹን የሚያገኘው የየሥራውን ሴንቲ ሜትር በመደመር ነው። ሁለት ሥራዎች ሲቀራረቡ ግን አንዱ የሌላውን ውጤት ይለውጣል፤ ድምሩ እውነተኛውን ወንዝ አይገልጽም። ስለዚህ የተመረጠው ጥቅል ሁሉ በዋናው ሞዴል እንደገና ይሰላል። ይህንን ለተሳታፊዎች ከመጀመሪያው መንገር የግድ ነው። ሳይነገራቸው ቁጥሩ በኋላ ሲቀየር፣ ስህተት ሳይሆን ተንኮል ይመስላቸዋል።

ሌላው መንገድ የመለዋወጫ ውሳኔ ነው። አንድ ክልል በዕቅዱ ከተጻፈው ሥራ የተሻለ አለኝ ካለ ያቀርባል። ያው ሴንቲ ሜትር ከተገኘ፣ ከመንግሥት የተመደበው ገንዘብ ካልጨመረ፣ የጊዜ ገደቡም ካላለፈ ሚኒስቴሩ ይለውጠዋል። ሦስቱም መስፈርቶች በቁጥር ወይም በቀን የሚለኩ በመሆናቸው ተቀባይነቱ በባለሥልጣኑ ፊት ላይ የተመሠረተ አልነበረም።

ኦቨርዲፕ፣ ከጉብታው በታች ያለው ሥራ

ፖልደሩ በበርክስኸ ማስ ወንዝ ዳር ነው። ጀርባውን የድሮው ማስ ይዞታል። የገበሬዎቹ ሐሳብ በቴክኒክ ደረጃ ሲፈታ ይህን ይመስላል። በወንዙ በኩል ያለው ዳይክ ዝቅ ይላል፤ በ25 ዓመት አንድ ጊዜ ገደማ ውሃ በላዩ እንዲያልፍ። በፖልደሩ ጀርባ፣ በደቡብ በኩል፣ አዲስ ዋና ዳይክ ይሠራል። ጉብታዎቹ ከዚያ አዲስ ዳይክ ጋር ተያይዘው ይደረደራሉ፤ ሙላት ሲመጣ እርሻው በውሃ ይሸፈናል፣ ቤተሰቡ ግን በዳይኩ መንገድ ይወጣል ይገባል፣ ላሞቹም በበረታቸው ይቆያሉ። ሙላቱ ሲያልፍ የቀረው ውሃ በፓምፕ ይወጣል። ፖልደሩ ውሃ የሚጠራቀምበት ገንዳ አይደለም፤ ወንዙ እየሰፋ የሚያልፍበት ተጨማሪ ወርድ ነው። 27 ሴንቲ ሜትሩ የሚገኘውም ከዚህ ነው፣ ከፖልደሩ ወደ ላይ ባለው የወንዝ ክፍል።

በማኅበራዊ በኩል ያለው ሒሳብ የባሰ ከባድ ነበር። 550 ሄክታር ለ17 ቤተሰብ ሲካፈል በግርድፉ 32 ሄክታር ይደርሳል። አልፎ አልፎ በሚጥለቀለቅ መሬት ላይ በዚህ ስፋት የወተት እርሻ አያዋጣም። ስለዚህ የገበሬዎቹ ዕቅድ ከመጀመሪያው አንድ ደስ የማይል ሐቅ ይዟል፦ ሁሉም መቆየት አይችሉም፣ የሚቆዩት ከሚሄዱት መሬት ያገኛሉ። ይህንን ሐቅ ሚኒስቴሩ ይዞት ቢመጣ ጦርነት ይሆን ነበር። ከገበሬዎቹ ስለመጣ ሊነገር ቻለ። ማን ይቆያል፣ ማን ይሄዳል የሚለውም በአዳራሽ ስብሰባ አይወሰንም። እርሻውን የሚረከብ ልጅ አለ ወይ? የባንክ ዕዳው ስንት ነው? ባልና ሚስቱ ይስማማሉ? ይህ ቤት ለቤት፣ ቤተሰብ በቤተሰብ የሚነጋገሩበት ነገር ነው፤ ያዳመጠው ባለሙያም የሰማውን ለጎረቤት የማያወራ መሆን አለበት።

የሥራ ክፍፍሉ እንዲህ ነበር። ዓላማውንና ገንዘቡን መንግሥት ያዘ፤ ዕቅዱን የሰሜን ብራባንት ክፍለ ሀገር አዘጋጀ፤ ግንባታውን የብራባንትሰ ዴልታ የውሃ ቦርድ አሠራ። ክፍለ ሀገሩ በመካከል መግባቱ ጠቅሟል። የመሬት አጠቃቀም ሥልጣን አለው፣ ከገበሬዎቹ ጋር የሚተዋወቅ ሰው አለው፣ የ27 ሴንቲ ሜትሩ ባለቤት ግን ስላልሆነ ተደራዳሪ ሆኖ አልታየም።

በግንባታው በኩል ብዙ ሰው የማያስበው የጊዜ ችግር አለ። ለስላሳ መሬት ላይ የተከመረ ስድስት ሜትር አፈር ይሰጥማል። ሳይረጋ ቤት ቢሠራበት መሠረቱ ይሰነጠቃል። ስለዚህ አፈሩ ተከምሮ ይጠበቃል፣ ከረጋ በኋላ ቤትና በረት ይሠራል፣ ቤተሰቡና ከብቱ ይዛወራሉ፣ አሮጌው ቤት የሚፈርሰው ከዚያ በኋላ ነው፣ የወንዙ ዳይክ ዝቅ የሚለው ደግሞ ከሁሉም በመጨረሻ። ከእነዚህ ደረጃዎች አንዱ ቢዘገይ ላሞቹ የሚታለቡበት በረት ሳይኖር ይቀራል። ላም በቀን ሁለት ጊዜ ትታለባለች፤ የሥራ ተቋራጩን የጊዜ ሰሌዳ አትጠብቅም። የገበሬዎቹ ተወካዮች እስከ ግንባታው መጨረሻ በጠረጴዛው መቆየታቸው ዋጋው እዚህ ላይ ይታያል።

ሌንት፣ ቁልፉ ያልተከፈተበት ቦታ

ኦቨርዲፕን ብቻ ያየ ሰው ፕሮግራሙ በሙሉ በስምምነት ያለፈ ይመስለዋል። በናይሜኸን ከተማ ፊት ለፊት ያለችው ሌንት ሌላ ናት። እዚያ ዋል ወንዝ እየጠበበ ይታጠፋል፤ ሙላት ሲመጣ ውሃው እንደ ጠርሙስ አንገት ይታነቃል። መንግሥት ዳይኩን 350 ሜትር ወደ ውስጥ ለማዛወርና ከወንዙ ጎን ሁለተኛ መውረጃ ለመቆፈር ወሰነ። 50 ያህል ቤቶች መፍረስ ነበረባቸው።

ነዋሪዎቹ ከመሐንዲሶች ጋር ሆነው አማራጭ ዕቅድ አዘጋጁ። ተመረመረ፤ ውድቅ ሆነ። መንግሥት የተመለከተው የ2015ቱን ግብ ብቻ አልነበረም፤ ከዚያ በኋላ ፍሰቱ ቢጨምር ያንን መሸከም የሚችል መፍትሔ ፈለገ፤ በዚያ ቦታ ደግሞ ሌላ ሰፊ መሬት አልነበረም፤ በዳይኩ ጀርባ ከተማዋ አዲስ ሰፈር እየገነባች ነበር። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። በኦቨርዲፕ የተቆለፈው ቁጥሩ ብቻ ነበር፣ በሌንት መንገዱም ተቆልፏል። ነዋሪዎቹ የተጋበዙት ስለ መንገዱ ለመነጋገር መስሏቸው ስለነበር ቁጣቸው እጥፍ ሆነ።

ከዚያ በኋላ የተደረገው ግን ሊጠና ይገባዋል። ሥራውን ራይክስዋተርስታት ራሱ አልያዘውም፤ በውል ለናይሜኸን ማዘጋጃ ቤት ሰጠው። ማዘጋጃ ቤቱ «መሆን አለበት ወይስ የለበትም» የሚለው መዘጋቱን ተቀብሎ ለነዋሪዎቹ የቀሩትን ጥያቄዎች ከፈተ፦ አዲሱ ዳር ምን ይምሰል፣ በመሃል የሚፈጠረው ደሴት ምን ይሁን፣ ድልድዮቹ የት ይግቡ፣ በቁፋሮው ወቅት መኪናዎቹ በየት ይለፉ። ሥራው በ2016 ሲያልቅ የሙላቱ ከፍታ በ34 ሴንቲ ሜትር ቀነሰ፣ ደሴቱም የከተማዋ መናፈሻ ሆነ። ወደ ደሴቱ ከሚወስዱት መሻገሪያዎች አንዱ ወንዙ ሲሞላ ሆን ተብሎ እንዲሰጥም የተነደፈ ነው፤ ያኔ ሰው በድንጋይ ደረጃዎች ላይ እየረገጠ ይሻገራል። ፕሮጀክቱ በዓለም ዙሪያ ተደነቀ። የፈረሱት 50 ቤቶች ባለቤቶች ግን በውብ መናፈሻ አልተካሱም፤ ውጤቱ አምሯል ተብሎ አካሄዱም ትክክል ነበር የሚለው ክርክር አያሳምነንም።

ከሁለቱም የከፋው የኦይ ፖልደር ጉዳይ ነው። በ2002 አንድ ኮሚሽን ከንድፉ በላይ የሆነ ሙላት ቢመጣ ሆን ተብለው የሚጥለቀለቁ ቦታዎች እንዲሰየሙ ሐሳብ አቀረበ፤ ከእነሱም አንዱ ሰው የሚኖርበት ኦይ ፖልደር ነበር። ለነዋሪዎቹ የቀረበላቸው ምርጫ አልነበረም፤ አዎ ወይም አይደለም ብቻ። የራሳቸውን ባለሙያዎች ይዘው ውሃው በተባለው ጊዜና መጠን መግባት መቻሉን ራሱን ጠየቁ። በ2005 መንግሥት ሐሳቡን ተወው። ለነዋሪ ምንም የሚወስነው ነገር ካልተተወለት የቀረው መንገድ መሠረቱን መምታት ነው፤ ደግሞም ጎበዝ ባለሙያ ከያዘ ይመታዋል።

በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ

የፕሮግራሙ ዳይሬክቶሬት የተቋቋመው በራይክስዋተርስታት ሥር፣ በዩትሬክት ነው። ግን ገንቢ አልነበረም። ከ30 በላይ የሆኑትን ሥራዎች ክፍለ ሀገሮች፣ ማዘጋጃ ቤቶች፣ የውሃ ቦርዶችና ራሱ ራይክስዋተርስታት ተከፋፈሏቸው። ዳይሬክቶሬቱ የያዘው ሦስት ሥራ ነው፦ ማገዝ፣ መፈተሽ፣ ለውሳኔ ማቅረብ። ለእያንዳንዱ የወንዝ ክፍል የተመደበ አስተባባሪ ነበር፤ የሃይድሮሊክስ፣ የአፈር፣ የግዥና የሕግ ባለሙያዎች አንድ ቦታ ተሰባስበው ለጠየቃቸው ፕሮጀክት ይሰጡ ነበር። አንዲት ትንሽ ማዘጋጃ ቤት የራሷ የወንዝ ሞዴል ባለሙያ የላትም። ያለዚህ እርዳታ «በእናንተ ይመራ» ማለት ጥለናችኋል ከማለት አይለይም ነበር።

እያንዳንዱ ፕሮጀክት በተወሰኑ የውሳኔ በሮች ያልፋል፤ በየበሩ ሴንቲ ሜትሩ፣ ዋጋው፣ የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማውና የመልክዓ ምድሩ ጥራት ይፈተሻል። ጥራቱን የሚያየው ገለልተኛ ቡድን ነው፤ በመጀመሪያ የመራው የመልክዓ ምድር አርክቴክቱ ዲርክ ሳይመንስ ነበር። ቡድኑ ሥልጣን አልነበረውም፣ ምክር ብቻ። ቦታው ድረስ እየሄደ ንድፉን ከሠሩት ሰዎች ጋር ይነጋገር ነበር። ለፓርላማ በዓመት ሁለት ጊዜ ሪፖርት ይቀርባል፤ ስለዚህ አንድ ቦታ የተፈጠረ መጓተት ተሸፍኖ አይቀርም።

ማገዝና መፈተሽን በአንድ ጣሪያ ሥር ማድረግ ግን ችግር ያመጣል። ሰኞ ንድፉን ያገዘ ሰው ሐሙስ ንድፉን ይፈትሻል። ሰዎቹ ካልተለያዩ ወይ ፍተሻው ይለዝባል፣ ወይ ማዘጋጃ ቤቱ የሚያግዘውን ሰው እንደ ሰላይ ያየዋል። ይህንን የሚኮርጅ መሥሪያ ቤት ሁለቱን ሥራዎች ለተለያዩ ሰዎች መስጠት አለበት።

በሠራተኛው ላይ የወደቀው ለውጥም ቀላል አልነበረም። ንድፉን ጨርሶ ማሳየት የለመደ መሐንዲስ ያልጨረሰውን ይዞ ስብሰባ መግባት ያስፈራዋል፤ ጥያቄ ሲቀርብለት «ገና አላሰላነውም» ማለት ሽንፈት ይመስለዋል። በሌላ በኩል ስብሰባ ብቻ የሚያውቅ የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛ የማይሆን ተስፋ ይሰጣል። የሚያስፈልገው ቁጥሩን የሚያውቅና ከሰው ጋር መነጋገር የሚችል ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው ጥቂት ነው፤ በየሁለት ዓመቱ ቦታ መቀየሩ ደግሞ ያንን ጥቂት ያባክናል። ገበሬው 15 ዓመት አንድ ቦታ ይቀመጣል፤ ከመሥሪያ ቤቱ የሚመጣለት ፊት ግን አራትና አምስት ጊዜ ይለዋወጣል። የተሰጠ የቃል ተስፋ የሚጠፋው በዚያ መካከል ነው። መድኃኒቱ አሰልቺ ነው፦ እያንዳንዱ የተገባ ቃል፣ ማን እንደገባው፣ ለማን፣ በየትኛው ቀን፣ በአንድ መዝገብ ይጻፋል፤ መዝገቡም ተተኪው ከመረከቡ በፊት ከነዋሪዎቹ ጋር አብሮ ይነበባል።

ምን ዋጋ አስከፈለ

ከ2000 እስከ 2015 ያለው ጊዜ ለመሥሪያ ቤት አንድ ፕሮግራም ነው። ለገበሬ የሥራ ዕድሜው ሲሶ ነው። መሬቱ ይጥለቀለቃል ወይስ አይጥለቀለቅም እስኪባል ድረስ አዲስ በረት አይሠራም፣ ባንክም አያበድረውም። ልጁ እርሻውን ልረከብ ወይስ ከተማ ልሂድ ብሎ ይጠብቃል። ቀደም ብሎ ማማከር ይህንን ጥበቃ ያረዝመዋል እንጂ አያሳጥረውም፤ ስለ ተሳትፎ የሚጻፉ መመሪያዎች ይህንን ብዙ ጊዜ ይዘልሉታል። የሚረዳው ለመሄድ ወይም ለመቆየት ቀድሞ ለወሰነ ቤተሰብ ካሳውን የመጨረሻው ፈቃድ እስኪወጣ ሳይጠብቁ መክፈል ነው። ለዚህ ደግሞ መንግሥት ፕሮጀክቱ ሊሰረዝ እንደሚችል እያወቀ ገንዘብ ማውጣትን መቀበል አለበት።

ሌላው ሚዛን የማያገኘው ነገር የጥቅሙ ቦታ ነው። 27 ሴንቲ ሜትሩ የሚጠቅመው ወደ ላይ ያሉትን ነው፤ ሸክሙ ግን የኦቨርዲፕ ነው። ተጠቃሚው ብዙና የተበተነ ስለሆነ ስብሰባ አይመጣም፤ ተጎጂው ጥቂትና የተሰበሰበ ስለሆነ ሁሌም ይመጣል። በስብሰባው ውስጥ የተሰማውን ብቻ የሚቆጥር ዕቅድ አውጪ ይሳሳታል፣ «ብዙኃኑ ይጠቀማል» ብሎ ስብሰባውን የሚንቅም እንዲሁ። ከላይ ያሉትን ከተሞች የሚወክል የውሃ ቦርድ በጠረጴዛው መኖሩ ክፍተቱን በከፊል ደፍኖታል።

ወደ ሕግ

በ2008 የኤልፈርዲንግ ኮሚሽን የመሠረተ ልማት ውሳኔዎች ለምን እንደሚጓተቱ መርምሮ ብዙዎችን ያስገረመ ምክር ሰጠ፤ ውሳኔውን ለማፍጠን በመጀመሪያው ምዕራፍ፣ ምንም ሳይመረጥ፣ ሰፊ ተሳትፎ ይደረግ፤ ከዚያ ግልጽ የምርጫ ውሳኔ ይሰጥ፤ ከምርጫው በኋላ ወደ ኋላ አይመለሱ። ከ2024 መግቢያ ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው አዲሱ የአካባቢና የዕቅድ ሕግ ይህንን አስገዳጅ አደረገው። ትልቅ ፕሮጀክት የሚያስብ ባለሥልጣን ሐሳቡን ሲያሳውቅ ሰው እንዴት እንደሚሳተፍ አብሮ ይገልጻል፤ ማንኛውም ሰው የራሱን መፍትሔ ማቅረብ ይችላል፤ ባለሥልጣኑም አማራጮችን በምን መስፈርት እንደሚቀበል አስቀድሞ ያስታውቃል። ሕጉ የተሳትፎውን ዓይነት አይደነግግም። ይህ በእኛ አስተያየት ደካማ ጎኑ ነው፤ አንድ ምሽት የተደረገ የመረጃ ስብሰባም በወረቀት ላይ ተሳትፎ ሊባል ይችላል።

ገና ያልተፈታው ደግሞ ከምረቃ በኋላ ያለው ነው። በወንዙና በዳይኩ መካከል የተቆፈረው ሜዳ በራሱ ከተተወ ቁጥቋጦና ዛፍ ያበቅላል። ዛፍ ውሃን ያጓትታል፤ የተጓተተ ውሃ ከፍ ይላል፤ በብዙ ሚሊዮን የተገዛው ሴንቲ ሜትር በዝግታ ይመለሳል። ራይክስዋተርስታት በየቦታው ምን ዓይነት ዕፅዋት መኖር እንደሚችል የሚወስን ካርታ አወጣ፣ ከካርታው ውጭ የበቀለውንም ማስቆረጥ ጀመረ። ያኔ የመሬት ባለቤቶችና የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበራት እንደገና አቤቱታ ይዘው መጡ። በዕቅዱ ጊዜ የተሰበሰበው ጠረጴዛ ተበትኗል፣ አስተባባሪዎቹ ወደ ሌላ ሥራ ተዛውረዋል። ያኔ የተገባው የተፈጥሮ ተስፋና አሁን የሚፈለገው ክፍት ሜዳ አንዱ ከሌላው ጋር የሚጋጭበት ቦታ ሁሉ በየባለቤቱ አንድ በአንድ ድርድር ይጠይቃል።